አንድ የሆነውን አትቆራርጥ፣ የተለያየውን አታጣብቅ

ልጄ፣ በኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጠኛ ክፍል ላይ ለመሥራት መወሰንህን በሰማሁ ጊዜ ከልቤ ደስ አለኝ። ይህ ሥራ ተጠቃሚው በዓይኑ የማያየው፣ ግን ሁሉም ሰው ሳያውቀው የሚመካበት ሥራ ነው። ከሰፊው ሜዳ አንዲት ጠባብ ጉዳይ መርጬ ልምከርህ። አንድ መሣሪያ፣ ጂፒዩም ይሁን የኔትወርክ ካርድ፣ ለቨርቹዋል ማሽን በቀጥታ ሲሰጥ የመሣሪያው ሜሞሪ በትልልቅ ገጾች እንዴት ማፕ ይደረጋል? ጉዳዩ ጠባብ ቢመስልም ፍጥነት፣ ደህንነትና ታማኝነት የሚፈተኑት እዚህ ነው። ዛሬ በኪራይ ሰርቨር ላይ ጂፒዩ የሚጠቀሙ ብዙ ተመራማሪዎች ሥራቸው የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው።

የምነግርህ ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል፤ የገጽ መጠን ምስክርነት ነው። አንድን ሰፊ የአድራሻ ክልል በአንድ ትልቅ ገጽ ስትሸፍን «ይህ ሁሉ ባለቤቱ አንድ ነው፣ ጠባዩ አንድ ነው፣ ሲዘረጋም ሲነሳም አብሮ ነው» ብለህ ለማሽኑ እየመሰከርክ ነው። ነገሩ እውነት ከሆነ ሳታመነታ መስክር። እውነት ካልሆነ ግን አንዲት ባይት እንኳ አትጨምር።

1. ኮድ ከመጻፍህ በፊት ስሌቱን በእጅህ ሥራ።

ባለ 64 ቢት በሆነው የኤክስ86 ፕሮሰሰር ላይ ትንሹ ገጽ 4 ኪሎባይት ነው። አንድ የገጽ ሰንጠረዥ 512 መዝገቦች ይይዛል። ስለዚህ አንድ እርከን ከፍ ስትል 2 ሜጋባይት፣ ሌላ እርከን ስትጨምር ደግሞ 1 ጊጋባይት የሚሸፍን ገጽ ታገኛለህ። አሁን 80 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ጂፒዩ እንውሰድ። የፒሲአይ መሣሪያ ሜሞሪውን ለፕሮሰሰሩ የሚያሳየው «ባር» በሚባል የአድራሻ መስኮት ነው። የመስኮቱ ስፋት 2ን በራሱ ደጋግሞ በማባዛት የሚገኝ ቁጥር መሆን አለበት፤ 32 ይሆናል፣ 64 ይሆናል፣ 128 ይሆናል፣ 80 ግን አይሆንም። ስለዚህ ይህን ጂፒዩ በሙሉ ለማሳየት መስኮቱ 128 ጊጋባይት ይሆናል።

መስኮቱን በ4 ኪሎባይት ገጽ ብትሸፍነው 33,554,432 መዝገብ ያስፈልግሃል። በ2 ሜጋባይት ገጽ 65,536 ይበቃል። በ1 ጊጋባይት ገጽ ከሆነ 128 ብቻ። አንድ መዝገብ 8 ባይት ስለሚይዝ የመጀመሪያው አማራጭ ለሰንጠረዥ ብቻ 256 ሜጋባይት ይበላል፤ ያውም ለአንድ መሣሪያና ለአንድ ሰንጠረዥ። አንድ ሰርቨር ስምንት ጂፒዩ ቢይዝ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ለመዝገብ ብቻ ሄደ ማለት ነው።

አንድ ጋሻ መሬት ያለው ሰው ርስቱ ስንዝር በስንዝር እየተለካ በመዝገብ ቢሰፍር አስበው። መሬቱ ያው ነው፣ ባለቤቱም ያው ነው፤ የደከመው ጸሐፊው፣ የወፈረው መዝገቡ ነው። በትንንሽ ገጽ የተሸፈነ የጂፒዩ መስኮትም እንዲሁ ነው፤ መስኮቱ ላይ አንዲት ባይት ሳይጨመር ከርነሉ ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ይጽፋል።

2. አድራሻው የሚሄድበትን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ እወቅ።

ብዙ ወጣቶች «የገጽ ሰንጠረዥ» ሲባሉ አንዱን ብቻ ያስባሉ። በቨርቹዋል ማሽን ዓለም ቢያንስ አራት አሉ። አንደኛው የእንግዳው፣ ማለትም በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የሚሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የራሱ ሰንጠረዥ ነው። ሁለተኛው የእንግዳውን አድራሻ ወደ እውነተኛው የማሽን አድራሻ የሚቀይረው ነው፤ ይህን ኤኤምዲ በ2007፣ ኢንቴል በ2008 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ አስገቡት፤ የሚሞላውም ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ ሃይፐርቫይዘሩ፣ ነው። ሦስተኛው በአስተናጋጁ ማሽን ላይ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮሰስ፣ ለምሳሌ ኪውኢሙ፣ የያዘው ሰንጠረዥ ነው። አራተኛው የአይኦኤምኤምዩ ሰንጠረዥ ሲሆን መሣሪያው ራሱ ሜሞሪ ሲያነብና ሲጽፍ የሚያልፍበት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲደራረቡ ዋጋው ይንራል። እንግዳው ሰንጠረዡን ሲያነብ እያንዳንዱ የሰንጠረዥ አድራሻ ራሱ እንደገና መተርጎም አለበት። ሁለቱም ባለ አራት እርከን ከሆኑ ፕሮሰሰሩ አንዲት አድራሻ ለመተርጎም እስከ 24 ጊዜ ሜሞሪ ሊያነብ ይችላል። ሁለቱም በ2 ሜጋባይት ገጽ ከሠሩ ወደ 15 ይወርዳል፤ ሁለቱም በ1 ጊጋባይት ከሠሩ ወደ 8። ይህን ድካም ለመቀነስ ፕሮሰሰሩ የተተረጎሙ አድራሻዎችን በቲኤልቢ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ቲኤልቢ ግን ጠባብ ነው። በኢንቴል ስካይሌክ ላይ ሁለተኛ እርከን የሆነው ቲኤልቢ 1,536 ቦታ አለው። በ4 ኪሎባይት ገጽ ሲሞላ የሚሸፍነው 6 ሜጋባይት ነው፤ በ2 ሜጋባይት ገጽ ሲሞላ 3 ጊጋባይት።

ልብ በል፤ እንግዳው በትልቅ ገጽ ቢጠቀምና አስተናጋጁ በትንሽ ቢሸፍን ቲኤልቢው የሚይዘው በትንሹ መጠን ነው። የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር የሆነው ኬቪኤምም ሁለተኛውን ሰንጠረዥ ሲሞላ መጠኑን በራሱ ፈቃድ አይወስንም። ያ አድራሻ በኪውኢሙ ፕሮሰስ ሰንጠረዥ ላይ በምን መጠን እንደተመዘገበ ያያል፤ ከዚያ አይበልጥም። ስለዚህ የሦስተኛው ሰንጠረዥ ጉድለት ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል። አንዱን አስተካክለህ «ጨረስኩ» አትበል።

3. የመሣሪያን ሜሞሪ ከተራው ሜሞሪ ለይተህ እወቅ።

ተራው ሜሞሪ ሲስተሙ በሠራ ቁጥር ይበጣጠሳል። ስለዚህ 1 ጊጋባይት ሳይቆራረጥ የተያያዘ ቦታ የፈለገ ሰው ማሽኑ ሲነሳ አስቀድሞ ያስይዛል። ሊኑክስ በ2011 በወጣው 2.6.38 ላይ ትልልቅ ገጾችን ሳይጠየቅ በራሱ የማዘጋጀት አቅም ሲያገኝም ያ ችግር ተቃለለ እንጂ አልጠፋም።

የመሣሪያ ሜሞሪ ግን ከመጀመሪያው አንድ ወጥ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ባሩ የተያያዘ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ደንቡም መነሻው በራሱ ስፋት ልክ እንዲስተካከል ያስገድዳል። የ128 ጊጋባይት ባር የሚጀምረው ለ128 ጊጋባይት ያለቀሪ በሚካፈል አድራሻ ላይ ነው። ለትልቅ ገጽ ከዚህ የተሻለ ማን አለ? ቢሆንም በሊኑክስ ላይ መሣሪያን ለፕሮሰስ የሚያስረክበው ቪኤፍአይኦ በ2012 በ3.6 ከርነል ከገባ በኋላ ለረጅም ዓመታት ባሮች በፕሮሰሱ ሰንጠረዥ ላይ በትንንሽ ገጽ ይመዘገቡ ነበር።

ምክንያቱ ሃርድዌሩ አልነበረም። ከርነሉ ለእያንዳንዱ የተራ ሜሞሪ ገጽ የሚይዘው መግለጫ አለው፤ ማን እንደያዘው፣ ስንት ጊዜ እንደተያዘ የሚመዘገብበት። የመሣሪያ ሜሞሪ እንዲህ ያለ መግለጫ በአብዛኛው የለውም። በትንሽ ገጽ ደረጃ «ይህ ልዩ ነው፣ መግለጫ አትፈልግለት» የሚል ምልክት ነበር፤ በ2 ሜጋባይትና በ1 ጊጋባይት ደረጃ ግን ሥርዓቱ አልተሟላም። ምልክቱ ሳይኖር ትልቅ ገጽ ቢዘረጋ ሌላው የከርነል ክፍል የሌለ መግለጫ ፍለጋ ይሄድና ጥፋት ይደርሳል። ይህን ጎዶሎ የሞላው በፒተር ሹ የተመራው ሥራ ሲሆን በኅዳር 2024 በወጣው ሊኑክስ 6.12 ውስጥ ገባ፤ የቪኤፍአይኦን ወገን ያዘጋጀው አሌክስ ዊሊያምሰን ነው። ከርነሉ ለራሱ ጥቅም የሚዘረጋው የመሣሪያ ሜሞሪ ግን ቀድሞ በ2015 በ4.1 ላይ ትልቅ ገጽ አግኝቶ ነበር።

ከዚህ የምትማረው ይህን ነው። አንድ ገደብ ሲገጥምህ ገደቡ የማን እንደሆነ ጠይቅ። የሃርድዌሩ ከሆነ ተቀበለው። የሶፍትዌር ልማድ ከሆነ ግን ማስተካከል የአንተ ድርሻ ሊሆን ይችላል።

4. የአድራሻ አሰላለፍን አትናቅ።

የ2 ሜጋባይት ገጽ ለመዘርጋት የመሣሪያው አድራሻ ለ2 ሜጋባይት መካፈሉ ብቻ አይበቃም። የፕሮሰሱ አድራሻም መካፈል አለበት። እንግዳው ለባሩ የሰጠው አድራሻም እንዲሁ። ሦስቱ ካልተሰላለፉ ፕሮሰሰሩ ትልቁን ገጽ ሊቀበል አይችልም።

ባሩ በደንቡ መሠረት ሁልጊዜ የተስተካከለ ነው፤ እንግዳውም ባሩን ሲያስቀምጥ በዚያው ደንብ ይሄዳል። የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው። ፕሮሰሱ ከከርነሉ የአድራሻ ቦታ ሲጠይቅ የሚሰጠው ለ4 ኪሎባይት የተስተካከለ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ክልል ትልቅ ገጽ የመዘርጋት ዕድል እዚያው አበቃ። ኪውኢሙም በኋላ ባሮችን ለትልቅ ገጽ በተስተካከለ አድራሻ ላይ እንዲያሳርፍ የተደረገው ለዚህ ነው።

ይህ ጉድለት ድምፅ የለውም። ቪኤፍአይኦ አድራሻው ካልተስተካከለ፣ ወይም ትልቁ ገጽ በክልሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልገባ፣ ወደ ትንሹ ገጽ ይመለሳል። ማሽኑ ይሠራል፣ ስህተት አይጻፍም፣ ማንም አይጮህም። መዘግየቱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ስህተት አለመታየቱን እንደ ማስረጃ አትያዘው።

የኤክስ86ን ቁጥር ይዘህም ወደ ሌላ ፕሮሰሰር አትሂድ። በ64 ኪሎባይት መነሻ ገጽ የሚሠራ የአርም ከርነል ላይ የሚቀጥለው መጠን 512 ሜጋባይት ነው። በኤክስ86 ላይ በ2 ሜጋባይት ገጽ በደንብ የሚሸፈን 64 ሜጋባይት ባር እዚያ ትልቅ ገጽ አያገኝም። ኮድህ መጠኑን ከከርነሉ ይጠይቅ፤ በጽሑፍ አትቸክለው።

5. የተለያየ ጠባይ ያለውን በአንድ ገጽ አትሸፍን።

በመሣሪያ አድራሻ ውስጥ ያለው ሁሉ ሜሞሪ አይደለም። አንዳንዱ የመሣሪያ መዝገብ (ሬጂስተር) በመነበቡ ብቻ የመሣሪያውን ሁኔታ ይቀይራል። አንዳንዱ ላይ ሲጻፍ ሥራ ይጀምራል። እንዲህ ያለው ቦታ በካሽ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። የጂፒዩ ምስል የሚጻፍበት ሰፊ ሜሞሪ ግን ጽሑፎችን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ቢልክ ይጠቅመዋል። አንድ ገጽ አንድ ዓይነት የካሽ ጠባይ ብቻ ይኖረዋል። በኤክስ86 ላይ የአድራሻ ክልሎችን ጠባይ የሚወስኑ የቆዩ የፕሮሰሰር መዝገቦች አሉ። አንድ ትልቅ ገጽ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ክልሎችን ቢያቋርጥ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ አይሆንም። የሊኑክስ ከርነል ለራሱ ትልቅ ገጽ ከመዘርጋቱ በፊት ክልሉ አንድ ወጥ መሆኑን የሚያጣራው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ መሣሪያዎች የማቋረጫ መልእክቶቻቸውን ሰንጠረዥ በአንዱ ባር ውስጥ ያስቀምጡታል። እንግዳው እዚያ ሲጽፍ ሃይፐርቫይዘሩ መሃል መግባት አለበት፤ የትኛው መልእክት ወደ የትኛው ፕሮሰሰር እንደሚሄድ የሚያውቀው እሱ ነውና። ስለዚህ ያ ቁራጭ በእንግዳው ካርታ ላይ ክፍት ይተዋል። ክፍተቱ በሰፊ ባር መሃል ቢያርፍ በዙሪያው ያለው 2 ሜጋባይት ወይም 1 ጊጋባይት በትንሽ ገጽ መሸፈኑ ግድ ነው። ትክክለኛው መንገድ ክፍተቱን አጥብቆ ማክበር፣ ዙሪያውን በትንሹ መሙላት፣ ከዚያ ውጭ ያለውን በትልቁ መሸፈን ነው። ሰነፍ ሰው ከሁለቱ አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ክፍተቱን ችላ ብሎ ሁሉንም በትልቁ ይሸፍናል፣ ወይ ስለ አንድ ክፍተት ብሎ ባሩን በሙሉ ይከትፋል።

6. ወደ ላይ አታጠጋጋ።

3 ሜጋባይት የሚሰጥ ነገር በሁለት የ2 ሜጋባይት ገጽ አይሸፈንም። አንዱን በትልቁ፣ የቀረውን 1 ሜጋባይት በ256 ትንንሽ ገጾች ትሸፍናለህ። የተረፈው 1 ሜጋባይት የጎረቤት ነውና። ጎረቤቱ ሌላ መሣሪያ፣ ምናልባትም የሌላ ደንበኛ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ቪኤፍአይኦ ከአንድ ገጽ ያነሰ ባር ሲያጋጥመው የገጹ ቀሪ ክፍል በሌላ እንደማይያዝ ሳያረጋግጥ በቀጥታ አያስረክብም። መነሻ ገጹ 64 ኪሎባይት በሆነ ማሽን ላይ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የገጽ መጠን ራሱ የጥቃት በር ሊሆንም ይችላል። በኅዳር 2019 ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2018-12207 የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ችግር የማስፈጸሚያ ኮድ የያዘ ገጽ መጠኑ ሲቀየር ፕሮሰሰሩ ያሮጌውንና የአዲሱን ትርጉም አጋጭቶ እንዲቆም ያደርግ ነበር። ተንኮለኛ እንግዳ ይህን ተጠቅሞ አስተናጋጁን፣ ከእርሱም ጋር ጎረቤቶቹን ሁሉ ሊጥል ይችል ነበር። የኬቪኤም መፍትሔ ትልልቆቹን ገጾች ኮድ እንዳይፈጸምባቸው መከልከል፣ እንግዳው ኮድ ሊያስፈጽም ሲሞክር ደግሞ ያንን ገጽ ወደ ትንንሽ መከፋፈል ነው። ፍጥነቱ ለመረጃ ቀረ፤ ለኮድ ደህንነት ቀደመ። ሁለቱን ማስታረቅ ባልተቻለበት ጊዜ የትኛው መቅደም እንዳለበት ከዚህ ተማር።

7. ከመዘርጋትህ በፊት እንዴት እንደምታነሳው እወቅ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በዚህ ሥራ ላይ መዘርጋቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ መሣሪያው ሲዘጋ፣ ዳግም ሲነሳ ወይም ሲነቀል ካርታውን ከየሰንጠረዡ በትክክለኛ ጊዜ ማንሳት ነው።

ሲቪኢ-2020-12888 የተባለውን የቪኤፍአይኦ የደህንነት ጉድለት በደንብ አጥና። እንግዳው በመሣሪያው የትእዛዝ መዝገብ ላይ ያለችውን አንዲት ቢት አጥፍቶ ባሩን ሊዘጋ ይችላል። ካርታው ግን እንደተዘረጋ ስለሚቆይ ወደ ተዘጋው ባር ማንበብና መጻፍ ይቻል ነበር። በአንዳንድ ሰርቨሮች ላይ መልስ ያልተገኘለት እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደ ከባድ የሃርድዌር ስህተት ተቆጥሮ ማሽኑን በሙሉ ይጥላል። በዚያው ዓመት በሊኑክስ 5.8 የገባው መፍትሔ ሥርዓቱን ቀየረው፤ ባሩ ሲዘጋ ካርታው በሙሉ ይነሳል፤ ሲከፈት ደግሞ እንግዳው ሲነካው ብቻ እንደገና ይዘረጋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሌት ተመለስ። በዚህ ሥርዓት መሣሪያው ዳግም በተነሳ ቁጥር ካርታው ይፈርሳል፣ ይገነባል። በትንንሽ ገጽ ከሆነ ይህ ለአንድ ጂፒዩ ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን መዝገብ ነው፤ በ1 ጊጋባይት ገጽ ከሆነ 128። ትልቁ ገጽ የደህንነቱን ሥርዓት ርካሽ አደረገው። ደህንነትና ፍጥነት ሁልጊዜ ጠላት ናቸው የሚልህን አትስማ፤ የመዝገቡ መጠን ከነገሩ እውነተኛ መጠን ጋር ሲገጥም ሁለቱም አብረው ይሻሻላሉ።

ስታነሳ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። ከፕሮሰሱ ሰንጠረዥ ስታነሳ ኬቪኤምም እንዲያውቅና ከሁለተኛው ሰንጠረዥ እንዲያነሳ ይሁን። ቲኤልቢው ሳይጸዳ አድራሻውን ለሌላ አትስጥ። በአርም ፕሮሰሰሮች ላይ የገጽ መጠን ስትቀይር መሠረታዊው ደንብ መጀመሪያ መዝገቡን ባዶ ማድረግ፣ ቲኤልቢውን ማጽዳት፣ ከዚያ አዲሱን መጻፍ ነው። አቋራጭ አለኝ የሚል ሰው ሲመጣ የፕሮሰሰሩ መመሪያ ይህን የሚፈቅድበትን ቦታ እንዲያሳይህ ጠይቀው።

8. በመሣሪያው ዓይንም ተመልከት።

እስካሁን የነገርኩህ ፕሮሰሰሩ መሣሪያውን እንዴት እንደሚያይ ነው። መሣሪያውም በበኩሉ ሜሞሪን ያያል፤ ያለፕሮሰሰሩ አማላጅነት በቀጥታ፣ በዲኤምኤ፣ ያነባል፣ ይጽፋል። የሚያልፍበት በር አይኦኤምኤምዩ ነው። ይህ በር ባይኖር ለእንግዳ የተሰጠ መሣሪያ የአስተናጋጁን ሜሞሪ በሙሉ ማንበብ ይችል ነበር። አይኦኤምኤምዩም የራሱ ሰንጠረዥና የራሱ ትንሽ የትርጉም ማከማቻ ስላለው እሱንም ትላልቅ ገጾች ይጠቅሙታል።

በአብዛኛው መሣሪያ የጎደለ ገጽ ሲያጋጥመው ቆሞ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ቪኤፍአይኦ መሣሪያው ሊደርስበት የሚችለውን የእንግዳውን ሜሞሪ ሁሉ አስቀድሞ ቆልፎ ይመዘግባል። እንግዳው በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ካለው ይህ ቆልፎ የመመዝገብ ሥራ የማሽኑን መነሳት ያዘገያል፤ የተያያዘ ሜሞሪ በትልልቅ ገጽ ከተያዘ ግን ብዙ ይቀላል። ሁለት ጂፒዩዎች በቀጥታ እንዲነጋገሩ ከተፈለገ ደግሞ የአንዱ ባር በሌላው የአይኦኤምኤምዩ ሰንጠረዥ ላይ መመዝገብ አለበት። እዚህም ላይ ገጽ በገጽ መፈለግ ለሰፊ ባር ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር። ስለዚህ የቪኤፍአይኦን ወገን ስታጠና በ2023 በሊኑክስ 6.2 የገባውን አይኦኤምኤምዩኤፍዲንም አብረህ አጥና፤ የአይኦኤምኤምዩን ሰንጠረዥ ለማስተዳደር የተዘጋጀው አዲሱ መንገድ እሱ ነው።

9. ትንሹ ገጽ የሚሻልበትን ቦታ አክብር።

ቨርቹዋል ማሽን እየሠራ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ሲዛወር ሃይፐርቫይዘሩ የትኛው ገጽ እንደተቀየረ መከታተል አለበት። እንግዳው 64 ባይት ብቻ ቢጽፍ ገጹ 2 ሜጋባይት ከሆነ 2 ሜጋባይት በሙሉ ይላካል፤ 4 ኪሎባይት ከሆነ 4 ኪሎባይት። ልዩነቱ 512 እጥፍ ነው። ስለዚህ በዝውውር ጊዜ ትልልቆቹ ገጾች ይከፋፈላሉ፣ ዝውውሩ ከተቋረጠም ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። የመሣሪያ ውስጣዊ ሁኔታ ደግሞ የተለየ ነው፤ መሣሪያው በራሱ ሜሞሪ ውስጥ የቀየረውን የአስተናጋጁ የገጽ ሰንጠረዥ አያየውም። ይህን ማስቀመጥና መመለስ የድራይቨሩ ኃላፊነት ነው። ትልቅ ገጽ ግዴታ ሆኖ አይታይህ፤ የነገሩ እውነት ሲቀየር ምስክርነትህም መቀየር አለበት።

10. ለካ፤ ያልለካኸውን ተስፋ አትስጥ።

ኬቪኤም በ4 ኪሎባይት፣ በ2 ሜጋባይትና በ1 ጊጋባይት የተዘረጉትን ገጾች ቁጥር ለየብቻ መዝግቦ በከርነሉ የምርመራ ፋይሎች ውስጥ ያሳያል። መጀመሪያ እሱን ተመልከት። ሥራህ ከሠራ የትልልቆቹ ቁጥር ይጨምራል፣ የትንንሾቹ ይቀንሳል። ከዚያ የማሽኑን መነሻ ጊዜ፣ የመሣሪያውን ዳግም መነሳት፣ እንግዳው ባሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ የሚፈጀውን ጊዜና የሰንጠረዡን ሜሞሪ ለካ።

በውጤቱ ላይም ሐቀኛ ሁን። በካሽ የማያልፍ የመሣሪያ መዝገብ ሲነበብ አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው በፒሲአይ መስመር ላይ ሄዶ በመመለስ ነው፤ የአድራሻ ትርጉሙ ከዚያ ያነሰ ድርሻ አለው። ስለዚህ «ትልቅ ገጽ ሁሉንም ሥራ ያፈጥናል» ብለህ ለአለቃህም ለደንበኛህም አትንገር። ትልቁ ትርፍ ያለው በመዘርጋት፣ በማንሳትና በሰንጠረዡ ክብደት ላይ ነው። ይህ በራሱ በቂ ትርፍ ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

11. የቀደሙህን ሰዎች ሥራ በስማቸው አንብብ።

ቨርቹዋል ሜሞሪ ራሱ በ1962 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በተመረቀው አትላስ ኮምፒውተር ላይ የታየ ሐሳብ ነው። ኪውኢሙን ፋብሪስ ቤላርድ ጀመረው። በአቪ ኪቪቲ የተጀመረው ኬቪኤም በ2007 በሊኑክስ 2.6.20 ውስጥ ገባ። በሊኑክስ ታሪክ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ ለውጥ ከነጸሐፊው ስም፣ ከነምክንያቱ ተጽፏል። አዲስ አበባም ሆንክ ዋሽንግተን፣ ባሕር ዳርም ሆንክ ቴል አቪቭ፣ ያው መዝገብ ነው፤ ለማንም በነፃ ይከፈታል። አንድ መስመር ለምን እንደተጻፈ ሳታውቅ አትሰርዘው። ስታውቅም የራስህን ለውጥ ምክንያት ከአንተ በኋላ ለሚመጣው ሰው በሚገባ ጻፍለት።

ልጄ፣ ይህን ሥራ የሚፈልገው ዓለም እየሰፋ ነው። የመሣሪያዎች ሜሞሪ ከዓመት ዓመት ያድጋል፤ የ4 ኪሎባይት ገጽ ግን ከአሠርት ዓመታት በፊት የተመረጠ መጠን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠበው ስሌቱን የሠራ፣ አራቱን ሰንጠረዥ የሚያውቅ፣ የጎረቤትን ድንበር የሚያከብር ባለሙያ ነው። አንተ ያ ባለሙያ መሆን ትችላለህ። አንድ የሆነውን ነገር አንድ ብለህ መዝግብ፣ የተለያየውን ለይተህ መዝግብ፤ ለውጥህን ከማስረከብህ በፊትም አራቱን ሰንጠረዥ አንድ በአንድ ከፍተህ የመሰከርከው እውነት መሆኑን አረጋግጥ።